ላሜራ ወይስ ኮምፔንሳቶ? የሐረማያዋ ባለ ሸራ ጀልባ

ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ውሃ ታንከር፣ ስለ መኪና ቦዲና ስለ ቀለም ነው። በዚህ ወር ግን ሦስት ደብዳቤ ስለ ባለ ሸራ ጀልባ ደረሰኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ድሬዳዋ ወርክሾፕ ከመክፈቴ በፊት ጅቡቲ ጀልባ ስጠግን ነበር። እጄ የተፈታው እዚያ ነው። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ የጀልባ ይሁን።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጋሼ። ሦስት የሐረር ልጆች ነን። አንዱ ጓደኛችን ብረት በያጅ ነው። ሐረማያ ሐይቅ ውሃው ከተመለሰ ወዲህ በሸራ የምትሄድ ጀልባ ሠርተን ሰው ልናንሸራሽር አስበናል። ርዝመቷ 4 ሜትር ተኩል ትሆናለች። በያጁ "በላሜራ እንሥራት፣ ጠንካራ ነው፣ ሙያውም እጃችን ላይ አለ" ይላል። እኔ ደግሞ ከብዳ አልሄድ እንዳትለን ፈራሁ። ፋይበር ግላስ ፈጣን ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ጀልባን የሚያፈጥናት የተሠራችበት ነገር አይደለም። ውሃ ላሜራ ይሁን እንጨት አያውቅም። ውሃ የሚያውቀው ክብደቷን፣ ቅርጿንና የቆዳዋን ልስላሴ ነው። የምትመርጡት ዕቃ ፍጥነት ላይ የሚገባው በክብደት በኩል ነው። ስለዚህ ጥያቄህ በትክክል ሲቀመጥ "የቱ ዕቃ ነው ሳይሰበር ቀላል የሚሆንልን?" የሚል ነው።

ክብደት ለምን ያዘገያል? 300 ኪሎ የምትመዝን ጀልባ ለመንሳፈፍ 300 ሊትር ውሃ ከቦታው ማስነሳት አለባት። 200 ኪሎ ከሆነች 200 ሊትር ይበቃታል። ቆማ ሳለች ይሄ ችግር የለውም። ስትሄድ ግን በሄደችበት ሁሉ አዲስ ውሃ ታስነሳለች፤ ያስነሳችው ደግሞ ከኋላዋ ተመልሶ ይገጥማል። ይሄ ሁሉ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበቱን የሚከፍለው ደግሞ ነፋሱ ነው። በዚያ ላይ ከባዷ ጠለቅ ብላ ስለምትቀመጥ ውሃ የሚነካው ቆዳዋ ይሰፋል። ነፋስ ደከም ባለ ሰዓት ጀልባን ከሁሉ በላይ አንቆ የሚይዘው ይሄ የቆዳና የውሃ ሰበቃ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። ባለ 2 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ይመዝናል። ከዚያ የሳሳ ብትበይዱ ሙቀቱ ያጨማድደዋል፤ ጓደኛህ ይሄን ያውቀዋል። ባለ 2 ሚሊ አሉሚኒየም 5.4 ኪሎ ነው። ባለ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ እንደ እንጨቱ ዓይነት ቢለያይም 3 ኪሎ ተኩል አካባቢ ይመጣል። ባለ 450 ግራም ማት (የመስታወት ክር ንጣፍ) አራት ድርብ የለበሰ ፋይበር ግላስ ወደ 6 ኪሎ ነው። የናንተ ጀልባ ቀፎ 8 ካሬ ሜትር ያህል ቆዳ አለው ብለን እንነሳ። ላሜራው ብቻ 126 ኪሎ ሆነ። ኮምፔንሳቶው 30 ኪሎ አይሞላም።

ቆዳ ብቻውን ግን ጀልባ አይሆንም። የብረቷ አንግል አይረን ያስፈልጋታል፣ መቀመጫ ያስፈልጋታል። እኔ በግምት 180 ኪሎ ላይ አስቀምጣታለሁ። የኮምፔንሳቶዋ ከነጣውላዋ፣ ከነሙጫዋና ከላይ ከምትለብሰው ስስ ፋይበር ጋር 65 ኪሎ ብትሆን ነው። ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። "እንግዲያው የእንጨቷ ሦስት እጥፍ ትፈጥናለች" ይላል። አትፈጥንም። ሁለት ሰው ሲቀመጥ 130 ኪሎ ተጨመረ። ምሰሶው፣ ሸራው፣ ገመዱና መሪው 30 ኪሎ ይሁኑ። አሁን የብረቷ 340፣ የእንጨቷ 225 ሆኑ። ሦስት እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ አንድ ተኩል ወረደ። ሌላ ሁለት ሰው ስትጭኑ ደግሞ 470 እና 355 ይሆኑና ይበልጥ ይጠባል። ጀልባዋን ስትመዝኑ ቀፎዋን ብቻ አትመዝኑ። ሰውም፣ ውሃ የጠጣ ገመድም፣ ከታች የተጠራቀመ ውሃም ይመዘናል። ከውስጥ ያለውን ውሃ በጣሳ መቅዳት ብቻውን ጀልባን ሲያነቃ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ ልዩነቱ ከጠበበ ላሜራው ምን አለበት ትል ይሆናል። እንደ ጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ላይ ብትሆኑ "እንደፈለጋችሁ" እልህ ነበር። ሐረማያ ግን ከባሕር ጠለል ወደ 2000 ሜትር ከፍ ያለ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ 18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ ሸራውን የሚገፋበት ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል። ጅቡቲ ላይ 8 ካሬ ሜትር ሸራ የሚሠራላችሁን ሥራ ሐረማያ ላይ ለማግኘት 10 ካሬ ሜትር ግድም ያስፈልጋል። ውሃው ደግሞ ጨው የለበትም። የባሕር ውሃ በሊትር 1.025 ኪሎ ነው፤ የሐይቁ 1 ኪሎ ነው። ያቺው ጀልባ ሐይቅ ላይ ትንሽ ጠልቃ ትቀመጣለች። ሁለተኛው ትንሽ ነው፣ የመጀመሪያው ግን ትንሽ አይደለም። የሚገፋው ኃይል ካነሰ የሚገፋውን ነገር ማቅለል ነው። ስለዚህ አቦ፣ ላሜራውን ተዉት።

የኔ ምርጫ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ከውጭ አንድ ድርብ ስስ የፋይበር ጨርቅ የለበሰ። ግን ሱቅ ያገኛችሁትን ኮምፔንሳቶ ሁሉ አትመኑ። ለቁም ሳጥን የሚሠራው ሙጫው ውሃ አይችልም። አንድ ቁራጭ ቆርጣችሁ ድስት ውስጥ ቀቅሉት። አንድ ሰዓት ተቀቅሎ ገጾቹ ካልተላቀቁ፣ አድርቃችሁ ድገሙት። በሁለተኛውም ከቆመ ለጀልባ ይሆናል። ገጾቹ እንደ ቅጠል ከተላቀቁ ግን ወደ ሱቁ መልሱት። የተቆረጠው ጠርዝ ላይም ሬዚን (በፈሳሽነቱ ተቀብቶ የሚጠነክረው የፋይበር ሙጫ) ሳይነካው የቀረ ቦታ እንዳይኖር፤ ውሃ የሚገባው በጠርዝ ነው። ውሃ የገባበት እንጨት ይበሰብሳል፣ ከመበስበሱ በፊት ደግሞ ይከብዳል። ጣና ላይ የሚሠሩት የደንገል ታንኳዎች ይሄን በደንብ ያሳያሉ። አዲስ ሲሆኑ ቀላል ናቸው፣ ውሃ እየጠጡ ሲሄዱ ይከብዳሉ፣ ለዚህም ነው ባለቤቶቻቸው ከውሃ አውጥተው የሚያደርቋቸው።

ሙሉ ፋይበር ግላስ ፈጣን ነው ወይ ላልከው፣ የሠሪው እጅ ነው የሚወስነው። ፋይበር ግላስ ቀላል የሚሆነው ሬዚኑ በልክ ሲሆን ነው። እኔ ጋ የሬዚን ባልዲው ሁሌም ሚዛን ላይ ነው። ባለ 450 ግራም ማት በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ግድም ሬዚን ይበቃዋል። ማቱ መጀመሪያ ነጭ ነው። ሬዚኑ ሲገባበት ነጭነቱ ይጠፋና ከሥሩ ያለው ይታያል። እዚያ ላይ መጨመር ይቆማል። ከዚያ የብረት ሮለሩን ከመሃል ወደ ዳር እየገፋህ አየሩን ታስወጣለህ። ሮለሩ ፊት ላይ ሬዚኑ እየተጠራቀመ ማዕበል ከሠራ በዝቷል፤ ወደ ዳር ገፍተህ አውጣው። አዲስ ሠራተኛ ደረቅ ቦታ እንዳይቀር ስለሚፈራ ይደፋበታል። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። በግንቦት ሬዚኑ ገና ባልዲው ውስጥ እያለ መጠንከር ይጀምራል። ልጁ ይደነግጣል፣ ቶሎ ቶሎ ያለብሳል፣ 1 ኪሎ የነበረው 2 ኪሎ ይሆናል። ጥንካሬው ያለው የመስታወቱ ክር ውስጥ ነው። ትርፉ ሬዚን ጥንካሬ አይጨምርም፣ ይሰነጠቃል እንጂ። እንዲህ ተሠርታ ከኮምፔንሳቶ እጥፍ የምትከብድ "የፋይበር ጀልባ" ብዙ አለች። ሐረማያ ቀዝቀዝ ስለሚል ለመሥራት ጊዜ ታገኛላችሁ። ማጠንከሪያውን ሬዚኑ ላይ ከተጻፈው መጠን አታሳልፉ።

ክብደቱ የት እንደተቀመጠም አስቡበት። መልህቁን አፍንጫዋ ላይ፣ ዕቃውን ጅራቷ ላይ ካደረጋችሁ ጀልባዋ በትንሹ ሞገድ ከፊት ከኋላ ትንጠራወዛለች፣ በእያንዳንዱም ፍጥነት ትጥላለች። ከባድ ነገር መሃል ላይ፣ ከታች ይሁን። ምሰሶው ላይ ደግሞ ንፉግ ሁኑ። ከውሃ 4 ሜትር ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ 2 ኪሎ፣ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ 20 ኪሎ ይበልጥ ጀልባዋን ያጋድላታል። የውሃ ቧንቧ ምሰሶ ላድርግ ብሎ በያጁ ሊል ይችላል። አይሆንም በሉት። ቀጥ ያለ ደረቅ እንጨት ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ ይሻላል።

በላሜራው ከጸናችሁ ግን ይህቺን ሒሳብ ሳትሠሩ ውሃ ውስጥ እንዳታስገቧት። የብረት ጀልባ ውሃ ከሞላባት ትሰምጣለች። 180 ኪሎ ብረት ውሃ ውስጥ ሆኖ 157 ኪሎ ያህል ወደ ታች ይጎትታል። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 19 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ጀልባዋን ብቻ ለመያዝ ዘጠኝ ጀሪካን ከመቀመጫ ሥር አጥብቃችሁ ታስራላችሁ፣ ለሰዎቹ ደግሞ ትጨምራላችሁ። የእንጨቷ ውሃ ቢሞላባትም ራሷን ትይዛለች፤ እሷም ላይ ግን ለሰዎቹ ሦስት አራት ጀሪካን እሰሩ። የሕይወት ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው የግድ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ሐይቁ ዳር የመስኖ ፓምፕ ቱቦዎችም ስላሉ ኪላችሁ (ከጀልባዋ ሥር ወደ ውሃ የሚወርደው ሳንቃ) ወደ ላይ የሚነሳ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከገንደ ቆሬ ነው የምጽፍልህ። አያቴ በወጣትነቱ ታጁራ በኩል ዛሩቅ በሚባል ባለ ሸራ ጀልባ ይሠራ ነበር። "ጭነት የሞላ ትልቅ ጀልባ ባዶውን ትንሽ ጀልባ ጥሎት ይሄዳል" ይለን ነበር። ልጆቼ ይሄን ስነግራቸው ይስቁብኛል። ከባድ ነገር እንዴት ከቀላል ይፈጥናል ነው የሚሉት። አያቴ አጋኖ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አያትሽ አላጋነኑም። ነፋሱ ጠንካራ በሆነ ቀን ማለታቸው ከሆነ ትክክል ናቸው።

ነገሩ ርዝመት ነው። ጀልባ ስትሄድ አፍንጫዋ ላይ ሞገድ ትሠራለች። ፍጥነት በጨመረች ቁጥር ሞገዱ ይረዝማል። አንድ ጊዜ ይመጣል ሞገዱ ልክ እንደ ጀልባዋ የሚረዝምበት። ያኔ አፍንጫዋ አንዱ ጉብታ ላይ፣ ጅራቷ ቀጣዩ ጉብታ ላይ ይሆናሉ። ከዚያ በላይ ልፍጠን ስትል ጅራቷ ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል፣ ራሷ የሠራችውን ዳገት መውጣት አለባት። ጭነት የሞላ አይሱዙ ደንገጎን ሲወጣ እንደሚያቃስተው ታቃስታለች፣ ነፋሱ ቢጨምርም ፍጥነቱ ብዙም አይጨምርም።

ይሄን ዳገት ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። ውሃ ላይ ያረፈው ርዝመቷ በሜትር ተወስዶ ስኩዌር ሩቱ በ2.43 ይባዛል። መልሱ በኖት ይወጣል። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። 5 ሜትር የሆነች ትንሽ ጀልባ 5.4 ኖት ላይ ዳገቱ ይይዛታል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። 16 ሜትር የሆነው ሳምቡክ (ትልቁ የቀይ ባሕር ባለ ሸራ ጀልባ) ግን 9.7 ኖት ድረስ ይሄዳል፣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስሌቱ ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር እንደሌለ ለልጆችሽ አሳያቸው። ከባዷ እዚያ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ብዙ ነፋስ ትፈልጋለች እንጂ፣ ነፋሱ ካለ ጣሪያዋን የሚወስነው ርዝመቷ ነው።

የዚህን ነገር ሥርዓት በደንብ ያወጣው ዊልያም ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለያየ መጠን ያላቸው ሞዴል መርከቦችን ውሃ ላይ እየጎተተ ይለካ ነበር። በ1872 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ቶርኪ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ ረጅም የውሃ ገንዳ ተሠራለት። እስከ ዛሬ መርከብ የሚነድፉ ሰዎች የሚጠቀሙት ቁጥር በስሙ ይጠራል።

የአያትሽ ባሕር ጀልባዎች ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ብልሃት አለ። አፍንጫቸው ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ወደ ፊት ረዝሞ የተጋደመ ነው። ባዶ ሲሆኑ ከውሃው በላይ የቀረው አፍንጫ ብዙ ነው። ጭነት ሲገባ ጀልባው ወረድ ይላል፣ ያ የተጋደመው አፍንጫም ውሃ ውስጥ ይገባል። ውሃ ላይ ያረፈው ርዝመት በዚያው ጨመረ ማለት ነው። ጭነቱ ራሱ ጣሪያውን ከፍ አደረገው። ይሄ በጣም የምወደው ነገር ነው። እነዚያን ጀልባዎች የሠሩት ሰዎች ወረቀት ላይ ሳይነድፉ፣ በዓይንና በገመድ ብቻ ነው የሠሩት።

ሁለተኛው የክብደት ጥቅም አለመጋደል ነው። ባዶዋ ትንሽ ጀልባ ነፋስ ሲበረታ ትጋደላለች። ሸራዋን ማጠፍ ግድ ይሆንባታል። ሸራ ስታጥፍ ሞተሯን እንደማጥፋት ነው። ከታች ጭነት ያለው ግን ሸራውን እንደዘረጋ ይቆያል። በበጋ ወራት ባብ ኤል መንደብ በኩል የሚነፍሰውን የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ አያትሽ በደንብ ያውቁታል። በዚያ ሞገድ ውስጥ ቀላሏ በእያንዳንዱ ሞገድ ትቆማለች፣ ከባዱ በያዘው ግስጋሴ ሰንጥቆ ያልፋል። ነፋሱ ልፍስፍስ ባለ ቀን ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ያን ቀን ባዶዋ ትንሽ ጀልባ ጥላው ትሄዳለች። ይሄንንም ለልጆችሽ ንገሪያቸው፣ እነሱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ዛሩቅ ደግሞ ከሳምቡክ ጠበብ ያለ፣ ሁለቱም ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ፈጣን ጀልባ ነው። ኮንትሮባንዲስቶች የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነበር። ድሬዳዋ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ የነበረው ፈረንሳዊው ኦንሪ ደ ሞንፍሬም ከመሣሪያ እስከ ሐሺሽ ያዘዋወረው በእንዲህ ያሉ የቀይ ባሕር ጀልባዎች ነው። ትልቁን ጀልባውን አልታይርን ያሠራው ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ ላይ ነው። የከተማችን ታሪክ ከሸራ ጋር ከምናስበው በላይ የተያያዘ ነው፤ እኛ ግን ስለ ባቡሩ ብቻ ነው የምናወራው።

ስለ ቆዳው ልስላሴ አያትሽ ሳይነግሩሽ አይቀሩም። ባሕር ውስጥ የቆመ እንጨት ላይ ቀንድ አውጣ የሚመስሉ ነገሮችና ሣር ይበቅሉበታል። ሁለት ሦስት ወር ሳይነካ የቆየ ጀልባ ሆዱ ሻካራ ይሆናል፣ በጥሩ ነፋስም ይጎተታል። ስለዚህ ውሃው ሲሸሽ ጀልባውን አሸዋ ላይ ያጋድሙታል፣ ይፍቁታል፣ ከዚያ ኖራና ስብ ወይም የሻርክ ዘይት ቀላቅለው በእጅ ይቀቡታል። በጣም ይሸታል። ግን ሆዱ ነጭና ልስልስ ይሆናል፣ ትልም እንጨቱን አይበላውም። አንድ ቀን የፈጀ ፍቅፋት ብዙ መቶ ኪሎ ጭነት ከማራገፍ የበለጠ ፍጥነት ይመልሳል።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ቪዲዮ ላይ ከውሃው በላይ የሚበሩ ባለ ሸራ ጀልባዎች አየሁ። ሁሉም ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ ናቸው ይላል። ካርቦን ነው የሚያበራቸው? ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ቀን በዚህ ላይ አንድ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ጎበዝ። የሚያበራቸው ከሥራቸው ያለው ክንፍ ነው። ውሃ ውስጥ የገባ ክንፍ አለ፣ ጀልባዋ ፍጥነት ስትይዝ ወደ ላይ ይሸከማታል። ቀፎዋ ከውሃ ሲወጣ ሰበቃውም፣ ከላይ ለእህታችን የነገርኳት የሞገድ ዳገትም ይቀራሉ። ካርቦን የገባበት ምክንያት ክንፉ ሊሸከመው የሚችል ክብደት ላይ ለመድረስ ነው። የብረት እፍግታ በሊትር 7.85 ኪሎ ነው። የካርቦን ፋይበር ከነሬዚኑ 1.6 ኪሎ አካባቢ ነው። ጥሩ የመስታወት ፋይበር 1.8 ይደርሳል። በክብደት ብቻ ካየኸው ካርቦን ከመስታወት ፋይበር ብዙም አይርቅም። የሚበልጠው ግትርነቱ ነው። በጣም ስለማይታጠፍ በስሱ መሥራት ይቻላል። ቁጠባው የሚመጣው ከስስነቱ ነው።

ልዩነቱን በታሪክ ልንገርህ። ሮቢን ኖክስ ጆንስተን በ1968 እ.ኤ.አ. ሱሀይሊ በምትባል ጀልባ ብቻውን ሳይቆም ዓለምን ለመዞር ተነሳ። ጀልባዋ ቦምቤይ ውስጥ ከቲክ እንጨት የተሠራች፣ ወደ 10 ሜትር የምትጠጋ ናት። ሚያዝያ 1969 ሲመለስ 312 ቀን ፈጅቶበታል። እንዲህ ብቻውን ሳይቆም ዓለምን በመዞር የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፍራንሷ ጋባር ብቻውን፣ ባለ ሦስት ቀፎ በሆነች 30 ሜትር የካርቦን ጀልባ ያንኑ ጉዞ በ42 ቀን ከ16 ሰዓት ጨረሰው። ይሄን ሁሉ ለካርቦን እንዳትሰጠው። ርዝመቷ ሦስት እጥፍ ነው። ቀፎዎቿ ቀጫጭን ስለሆኑ ትልቅ ሞገድ አይሠሩም። በቀፎዎቹ ስፋት ስለምትቆም ከታች የተንጠለጠለ ከባድ እርሳስ አያስፈልጋትም። ካርቦኑ ይሄን ቅርጽ ሳይሰበርና ሳይከብድ መሥራት አስቻለ። ዕቃው ለቅርጹ መንገድ ከፈተ ማለት ነው።

ከሁሉ ፈጣኗስ? ኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ናሚቢያ፣ ዋልቪስ ቤይ ላይ ፖል ላርሰን ሴይልሮኬት 2 በምትባል ጀልባ 500 ሜትር በ65.45 ኖት አማካይ ፍጥነት ሄደ። በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ነው፣ በነፋስ ብቻ። ያውም እዚሁ አፍሪካ ውስጥ።

ለሳይንስ ቀኑ ካርቦን አያስፈልግህም። ፍሩድ ያደረገውን አንተም ማድረግ ትችላለህ። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ ይሠራ። ከጣውላና ከወፍራም ላስቲክ ይሆናል። ወደ 40 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ጀልባ ከቀላል እንጨት ወይም ከስታይሮፎም ጥረብ፣ ቀለም ቀብተህ አለስልሳት። ክር አስረህ ገንዳው ጫፍ ላይ በትንሽ ፑሊ አሳልፈው። ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት አንጠልጥል፣ እሱ ነው ነፋስህ። ክብደቱ የሚወርደው ጀልባዋ የምትሄደውን ያህል ስለሆነ ፑሊው ከወለል በላይ ከፍ ይበል፣ ካልሆነ ክብደቱ ቶሎ መሬት ይነካብሃል።

መጀመሪያ ባዶዋን ልቀቃት። ከመነሻው ትንሽ አሳልፈህ ምልክት አድርግና መጨረሻው 2 ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሄደች በስልክህ ያዝ። ቀጥሎ ሚስማር መሃሏ ላይ እየጨመርክ ድገመው፣ ክብደቷ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ እጥፍ እስኪሆን። ከዚያ የሚጎትታትን ክብደት እያበዛህ ሁሉንም እንደገና ለካ። በስሌቱ መሠረት 40 ሴንቲ ሜትር ጀልባ ዳገቷን የምታገኘው በሰከንድ 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱን ሜትር በሁለት ሰከንድ ተኩል መጨረስ ማለት ነው። በዝግታ ስትጎተት የሚስማሩ ክብደት ብዙ ያዘገያታል። ወደዚያ ፍጥነት ስትጠጋ ምን እንደሚሆን ግን ራስህ እይ፣ እኔ አልነግርህም። ከዚያ ሌላ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነች ጀልባ ሥራና አወዳድር። አንዱን ልኬት አምስት አምስት ጊዜ ደጋግመው፣ በየመሃሉም ገንዳው ውስጥ ያለው ሞገድ እስኪያልቅ ቆይ፤ አለበለዚያ ያለፈው ጉዞ የሠራው ሞገድ ቁጥርህን ያበላሸዋል። ሰንጠረዡን ላክልኝ፣ በሚቀጥለው ወር እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ። ስታይሮፎም ካጣህ ወርክሾፑ ጎራ በል፣ ቁርጥራጭ አለ።